ተረትና እውነታ፦ ስለ ሁላ ረግረግ የሚባለውና የሆነው

በሰሜን እስራኤል፣ በምዕራብ በናፍታሊ ተራሮች በምሥራቅ በጎላን ከፍታ የታጠረ ለጥ ያለ ሸለቆ አለ፤ ሁላ ይሉታል። ከሄርሞን ተራራ ግርጌ የሚፈልቁት ምንጮች ተሰባስበው ዮርዳኖስ የሚሆኑት እዚህ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጎሕ ሲቀድ እዚያ የተገኘ ጎብኚ ወፎቹን ከማየቱ በፊት ድምፃቸውን ይሰማል። ውሃ ውስጥ ቆመው ያደሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክሬኖች፣ እግራቸውና አንገታቸው የረዘመ ግራጫ ወፎች፣ እየተጠራሩ በመንጋ በመንጋ ይነሳሉ። ሰማዩ በእነሱ ይሞላል፤ አጠገብ የቆመ ሰው እንኳ ጓደኛውን ለማነጋገር ድምፁን ከፍ ማድረግ አለበት።

ይህን ያየ ሰው ቦታው ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሁላ ግን በሰው እጅ የደረቀ፣ በሰው እጅ በከፊል ውሃ የተመለሰለት፣ ዛሬም የሰው እጅ ካልጠበቀው የማይቆም ስፍራ ነው። ስለ አደራረቁም ሆነ ስለ አመላለሱ የሚነገረው ብዙው ነገር ግማሽ እውነት አለበት። ከግማሽ እውነት ጋር የመጣ ጎብኚ ደግሞ ከሚያየው ብዙው ያመልጠዋል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት የሚነገረው «ሐይቁ የደረቀው ወባን ለማጥፋት ነው» የሚለው ነው። ወባው ራሱ ተረት አልነበረም። በ1883 የተቆረቆረችው የዬሱድ ሃማዓላ መንደር ነዋሪዎች ልጆቻቸውን በትኩሳት ቀብረዋል፤ ከእነሱ በፊት በረግረጉ ዳር የኖሩት ዓረቦችም ከበሽታው አላመለጡም። ነገር ግን የዓመታቱን ቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል። የማድረቁ ሥራ የተጀመረው በ1951 ሲሆን ያለቀው በ1958 ነው። ቆፋሪዎቹ ማሽኖች ሲገቡ ወባው ከሸለቆው ሊጠፋ ጥቂት ነበር የቀረው። ይህን ያደረገው በ1940ዎቹ የተረጨው ዲዲቲና ለዓመታት የተካሄደው የትንኝ መፈልፈያ ቁጥጥር ነው። ታዲያ ለምን ደረቀ? ዋናው ምክንያት መሬትና ውሃ ነበር። አዲስ የተመሠረተው መንግሥት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አዲስ ገቢዎችን መመገብ ነበረበት፤ ሐይቁ ደግሞ በትነት ውሃ እንደሚያባክንና ለም አፈር ሸፍኖ እንደተቀመጠ ነገር ተቆጠረ። ሥራውን የመራው ቀረን ቀየሜት የተባለው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ሲሆን፣ በጊዜው የአገር ኩራት ተደርጎ ተወድሷል።

ይህ የወባ ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ሩቅ አይደለም። «ረግረግ ካለ ወባ አለ፤ ረግረጉ ይድረቅ» የሚለው ሐሳብ በየቀበሌው ይሰማል። እውነታው ከዚህ የረቀቀ ነው። በኢትዮጵያ ወባን በዋነኛነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ የምትመርጠው ፀሐይ የሚመታው ትንሽ ጊዜያዊ ውሃ ነው፤ የከብት ኮቴ የተወው ጎድጓዳ፣ ጡብ ለመሥራት ጭቃ የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ ከመስኖ ቦይ የፈሰሰ ኩሬ። ጥላው የከበደ፣ ዓሣ የሚርመሰመስበት ደንገል ለእሷ እምብዛም አይመቻትም። በሁላ ያስቸገረችው ትንኝ ሌላ ዝርያ ነበረች፤ ልማዷም ሌላ። ስለዚህ ከሁላ ታሪክ ተነስቶ የጣናን ወይም የባሮን ረግረግ በወባ መክሰስ አይቻልም። ትንኟን የማያውቅ ረግረጉን ሲያደርቅ፣ ወባ የሚወደውን ትንንሽ ኩሬ በእጁ ሊፈጥር ይችላል።

«ረግረጉን ባሕር ዛፍ መጥጦ አደረቀው» የሚሉም አሉ። ባሕር ዛፍ ውሃ መጠጣቱ እውነት ነው፤ በእስራኤልም ረግረግ ለማድረቅ ተብሎ ብዙ ተተክሏል። ሁላን ግን ያደረቀው የብረት ማሽን ነው። በስተደቡብ ያለው የዮርዳኖስ መውጫ ተቆፍሮ ሰፋ፣ ጠለቀ፤ ወንዙም በምሥራቅና በምዕራብ ቦዮች ተከፍሎ እንዲፈስ ተደረገ።

ከደረቀው ውሃ ጋር አብሮ የተሠራው ትልቁ ተረት ግን «እዚያ ማንም አልነበረም፤ ባዶ ጭቃ ነበር» የሚለው ይመስላል። ሐይቁና በስተሰሜኑ የተዘረጋው ረግረግ በአንድነት 60 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍኑ ነበር። ገዋርና የሚባሉት ዓረቦች በዚያ ይኖሩ ነበር። ዓሣ ያሠግራሉ፣ የውሃ ጎሽ ያረባሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ደንገል እያጨዱ ሰሌን ይሠራሉ። ምንጣፉም፣ የጎጆው ግድግዳም ከዚያው ነበር። በ1948ቱ ጦርነት አብዛኞቹ ከቀያቸው ወጡ፤ ረግረጉ ሲደርቅ ደግሞ ሙያው የቆመበት ተክል ከሥሩ ተነቀለ። ረግረግ ያለ ጥቅም የተኛ መሬት ነው የሚል ሁሉ ስለ እነዚህ ሰዎች ሊነገረው ይገባል።

ስለ ደንገሉ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። የአፍሪካ ረግረጎች ተክል የሆነው ይህ ደንገል በተፈጥሮ በሰፊው በቅሎ የሚገኝበት የመጨረሻው የሰሜን ጫፍ ሁላ ነው። ከደንቢያና ከጎንደር ዙሪያ ወጥተው እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን፣ በተለይም ጣናን እያዩ ያደጉቱ፣ ከእንጨት ድልድዩ ላይ ሆነው ተክሉን ለመለየት አስጎብኚ አያስፈልጋቸውም። ማዕዘን ያለው ለስላሳ አገዳ፣ ከአናቱ እንደ ጃንጥላ የተበተነ ቀጭን ጭራ፣ ሲሰበር የሚታይ ነጭ ስፖንጅ። የጣና ታንኳ የሚታሰርበት ያው ተክል ነው።

አሁን ወደ እርሻው። «ረግረግ ሲደርቅ ለም መሬት ይወጣል» የሚለው እምነት በሁላ ለጥቂት ዓመታት ልክ መሰለ። ከሐይቁ ሥር የወጣው አፈር ጥቁር፣ ቀላልና ለስላሳ ነበር፤ ለብዙ ሺህ ዓመታት የረገፈ ደንገልና ሸምበቆ አየር በሌለበት ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ ተከማችቶ የተሠራ ነው። ውሃው ሲወጣ አየር ገባ። አየር ሲገባ አፈሩ መበስበስና መንደድ ጀመረ፤ መሬቱም ሰጠመ፤ በአንዳንድ ቦታ በዓመት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይል ነበር። አንዳንዴ አፈሩ ራሱ ከውስጥ እሳት ይዞ ይጨሳል፤ ከላይ ውሃ ቢያፈሱበትም በቀላሉ አይጠፋም። የላላው አፈር በነፋስ እየተነሳ ማሳውን በአቧራ ሸፈነ። የመስክ አይጥ ተራብቶ ሰብሉን ጨረሰ።

ጉዳቱ በሸለቆው አልቆመም። በበሰበሰው አፈር ውስጥ ታስሮ የነበረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በዮርዳኖስ ታጥቦ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኪኔሬት ወረደ። ኪኔሬት በወንጌል የገሊላ ባሕር የተባለው ሐይቅ ሲሆን፣ ለእስራኤል ዋናው የመጠጥ ውሃ ምንጭ ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ረግረጉ ውሃውን አጣርቶ ለኪኔሬት ይልክ እንደነበር በደንብ የታወቀው ማጣሪያው ከፈረሰ በኋላ ነው። መሬቱን ለማዳን ብዙ ተሞክሮ፣ ብዙ ወጪ ወጥቶ፣ በመጨረሻ የተደረሰበት ውሳኔ ከደረቀው መሬት ክፉኛ የተጎዳውን ዝቅ ያለ ክፍል እንደገና በውሃ መሸፈን ሆነ። በ1994 ውሃው ተለቀቀ። አጋሞን የተባለው አዲሱ ትንሽ ሐይቅ የተወለደው እንዲህ ነው። ከመወለዱ ጀርባ ያለው ዋና ሐሳብ የአፈርና የውሃ ጥራት ነበር፤ ቱሪዝምም ታስቦበታል። የወፎቹ ብዛት ግን ማንም ከጠበቀው በላይ ሆነ።

ስለዚህም «የሁላ ሐይቅ ተመለሰ» የሚለው አባባል መታረም አለበት። የተመለሰው ሐይቁ አይደለም። ዛሬ ጎብኚ የሚያያቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ ብዙ ሰውም ያምታታቸዋል። አንደኛው ሁላ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው። ማድረቁ ሲካሄድ የተቃወሙ ተመራማሪዎችና ተፈጥሮ ወዳዶች ተሰባስበው በ1953 የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሙሉውን ባያድኑም 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከፍ የሚል ቁራሽ ሳይደርቅ እንዲቀር አስደረጉ። ይህ ቁራሽ በ1964 የእስራኤል የመጀመሪያው ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ታወጀ። ሁለተኛው ከእሱ በስተሰሜን ያለው አጋሞን ነው፤ ውሃው 1 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ተደምረው ከቀድሞው ረግረግ አንድ አሥረኛውን አይሞሉም።

የጠፋውም ጠፍቷል። ከሸለቆው ሌላ የትም ያልነበሩ ቢያንስ ሁለት የዓሣ ዝርያዎች ዛሬ በዓለም ላይ የሉም። በአንድ የተመራማሪዎች ቆጠራ መሠረት 119 የእንስሳት ዝርያዎች ከአካባቢው ጠፍተዋል፤ ከእነዚህ 37ቱ ከነጭራሹ ከአገሪቱ። ውሃ መልሶ መሙላት ዓሣውን አይመልስም።

አንድ ልዩ ነገር ግን አለ፤ እሱም እንቁራሪት ነው። የሁላ እንቁራሪት በ1940 ስትገኝ የተያዙት ጥቂት ብቻ ነበሩ፤ ከተያዙትም ትልቋ ትንሿን በላቻት። በ1955 አንዲት ሌላ ተገኘች፤ ከዚያ በኋላ ዝም። በ1996 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከምድር ጠፍታለች ብሎ መዘገባት። በ2011 መጨረሻ አንድ የጥብቅ ስፍራው ጠባቂ በዕለት ሥራው ላይ ሳለ ከእግሩ ሥር አንዲት እንቁራሪት አገኘ። ገልብጦ ሲያያት ሆዷ ጠቆር ያለ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ የተረጨበት ነበር፤ የተፈለገችው ምልክት ያ ነበር። በኋላ በተደረገው ፍለጋ ሌሎችም ተገኙ። የዘረመል ጥናቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ግርምት ይዞ መጣ፤ እንቁራሪቷ ላቶኒያ የተባለ፣ ሳይንስ በቅሪተ አካል ብቻ የሚያውቀው ነገድ የመጨረሻ ተወካይ ሆና ተገኘች። ይህን ውጤት የያዘው ጽሑፍ በ2013 ታተመ። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ «ተፈጥሮ ራሷን ታድናለች» ለማለት ይጠቀሳል። ትምህርቱ ግን ሌላ ነው። እንቁራሪቷ የተረፈችው በ1950ዎቹ ጥቂት ሰዎች ተከራክረው ያስቀሩት ያ ቁራሽ ረግረግ ስለነበረ ነው። እሱም አብሮ ቢደርቅ ኖሮ ጠባቂው የሚያገኘው ነገር አይኖርም ነበር።

«ጥብቅ ስፍራ ማለት አጥሮ መተው ነው» የሚለውም እንደዚሁ ከእውነት ይርቃል። በዙሪያው ያለው እርሻ እየሰጠመ ሲሄድ፣ ጥብቅ ስፍራው ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ቀረ፤ ውሃውም ወደ ዝቅታው መሸሽ ጀመረ። በ1970ዎቹ ተዘግቶ ግድብ ተሠራለትና በ1978 እንደገና ተከፈተ። በአጋሞን ደግሞ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ሾልኮ ወደ ደቡብ እንዳይሄድ ረጅም የፕላስቲክ ግድግዳ በቁመቱ ተቀብሯል። የውሃው ከፍታ በበርና በቦይ ይስተካከላል። ሸምበቆው ሜዳውን እንዳይውጥ የውሃ ጎሾች ተመልሰው ተሰማርተዋል፤ ድሮ ገዋርናዎቹ በከብቶቻቸው ያደርጉት የነበረውን ሥራ ዛሬ የጥብቅ ስፍራው መንጋ ያደርገዋል። ቦታው ያለ ክትትል አንድ ሁለት ክረምት ቢተው ጎብኚ የሚያየው ሌላ ነገር ይሆናል።

ወደ ክሬኖቹ እንመለስ። «ሐይቁ ሲመለስ ወፎቹ መጡ» ማለት ቀላል ነው፤ በከፊልም እውነት ነው። ክሬን ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ማደር ይወዳል፤ ቀበሮ ሲመጣ የውሃው መንቦጫረቅ ያስጠነቅቀዋል። አጋሞን ይህን ማደሪያ ሰጠ። ምግቡን የሰጠው ግን እርሻው ነው፤ ለውዝና በቆሎ ከታጨደ በኋላ ማሳው ላይ የቀረ ፍሬ። ቀድሞ ብዙዎቹ ሸለቆውን አቋርጠው ያልፉ ነበር፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑት እዚያው መክረም ጀመሩ። ገና የበቀለ ሰብል ሲነቀልበት ገበሬው ተማረረ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ስምምነት ነው፤ በተመደበ ማሳ ላይ በየቀኑ በትራክተር በቆሎ ይበተንላቸዋል፣ ከሌላው ማሳ ደግሞ ይባረራሉ። ጎብኚዎችን የሚይዘው የተሸፈነው ጋሪም የሚጎተተው በትራክተር መሆኑ ለዚህ ነው። ከእግረኛ ሰው የሚሸሸው ክሬን ከትራክተር አይሸሽም፤ ምግቡን የሚያመጣለት እሱ ነውና። ሰዎች ከጋሪው መስኮት ሆነው ወፉን በጥቂት ሜትር ርቀት፣ የዓይኑን ቅላት እስኪለዩ ድረስ ያዩታል።

ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ዋጋም አለው። በ2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን ሲገባ፣ በአንድ ማደሪያና በአንድ መመገቢያ ታጭቀው የነበሩት ክሬኖች ከ5 ሺህ በላይ ሞቱ። ሠራተኞች በመከላከያ ልብስ ሬሳ ከውሃ ሲያወጡ የሰነበቱበት ጊዜ ነበር። ወፍ መመገብ ምንጊዜም ደግነት ነው ብሎ ዳቦ ወይም በቆሎ በኪሱ ይዞ የሚሄድ ጎብኚ ይህን ማወቅ አለበት። በሁላ ያለው ምገባ ገበሬን ከኪሳራ ለመጠበቅ የተቀመረ፣ ራሱም በባለሙያዎች መካከል ክርክር ያለበት ሥራ ነው፤ ማንም በግሉ የሚጨምርበት አይደለም።

የመጨረሻው ስሕተት ሁላን እንደ መድረሻ ማየት ነው። ሸለቆው የታላቁ ስምጥ ሸለቆ አካል ነው፤ ያው ስንጥቅ ከቀይ ባሕር ወዲህ ተሻግሮ የኢትዮጵያን ሐይቆች ይዞ ይወርዳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ 500 ሚሊዮን የሚገመቱ ወፎች በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ፤ ሽመላውና ፔሊካኑ ክንፉን ዘርግቶ በሞቀ አየር የሚንሳፈፍ ስለሆነ ሜዲትራኒያንን ከመሻገር ይልቅ በየብሱ ላይ ዞሮ መሄድን ይመርጣል። ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከምዕራብ ሩሲያ የሚነሱ ክሬኖች ከፊሎቹ ሁላ ሲቀሩ፣ ሌሎቹ ጉዟቸውን ቀጥለው ኢትዮጵያ ይገባሉ። መከታተያ መሣሪያ የታሰረላቸው ወፎች ይህን መንገድ አረጋግጠዋል። በጣና ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳና በቢሾፍቱ አካባቢ መኸር በተሰበሰበበት ማሳ ላይ በበጋ የሚታዩት ግራጫ መንጋዎች እነሱ ናቸው። ስለዚህ የሁላ መልሶ መልማት ብቻውን ወፉን አያድነውም። የጣና ዳር ረግረግ በእርሻ መስፋፋትና በእምቦጭ ሲጠብ፣ በገሊላ የተበተነው በቆሎ አይተካውም። ሰሜኑም ደቡቡም የአንድ ወፍ ቤት ነው፤ በሁላ የፈሰሰው ገንዘብና ድካም ሩቡ እንኳ በፎገራ ቢታይ ምንኛ በጎ ነበር።

ለመሄድ ላሰበ ሰው ጥቂት ነገር። ጥብቅ ስፍራውና አጋሞን በተለያየ ተቋም የሚተዳደሩ፣ መግቢያ በራቸውም የተለያየ ስፍራዎች ናቸው፤ ትኬታቸውም ለየብቻ ነው። ለእግር የሚቀለው ጥብቅ ስፍራው ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነው መንገድ በደንገሉ መካከል በእንጨት ድልድይ ላይ ያልፋል፣ ማማ አለው፣ ከድልድዩ በታች አምባዛ ይታያል። አጋሞን ሰፊ ስለሆነ ብስክሌት ወይም ጋሪ ይሻላል። በውሃው ዳር ሣር የሚግጠው፣ ጥርሱ ብርቱካንማ የሆነው ወፍራም አይጥ መሰል እንስሳ ኑትሪያ ነው፤ ልጆች ይወዱታል፣ ግን የአገሩ አይደለም፤ ለፀጉሩ ሲባል ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ያመለጠ ነው። አካባቢው ለሊባኖስ ድንበር ቅርብ በመሆኑ ከመነሳት በፊት ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። «በእስራኤል የበጋ ሙቀት ምንም አይታይም» የሚሉትን መስማት አያሻም፤ ያኔ ጎሹ፣ ኤሊውና ደንገሉ አሉ፣ ሰውም ጥቂት ነው። ለክሬን ብሎ የሚሄድ ግን ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ከፀሐይ መውጣት በፊት ወይም ሊመሽ ሲል እዚያ ቢገኝ ይመረጣል፤ መጋቢት ሲገባ አብዛኞቹ ወደ ሰሜን መንገድ ጀምረዋል።